የምስጥ ድርሻ

የወለጋዋ ኑኑ ቁምባ ገበሬዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጥያቄ «ሰው ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ ኖረ የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው?» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልን ወዲያው ስለ ደን፣ ስለ ምንጭና ስለ ወፍ ዜማ ማውራት ይቀናናል። ያ ክፉ አይደለም። ነገር ግን የሚያምረውን መውደድ ለማንም አይከብድም። ስምምነት የሚፈተነው ከማይመች ጎረቤት ጋር ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ የማይመች ጎረቤት ልነግራችሁ መጥቻለሁ። አማርኛው ምስጥ ይለዋል፤ እናንተ ሪርማ ትሉታላችሁ።

ከነቀምቴ ወዲህ ስመጣ በመኪናው መስኮት ኩይሳ መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ጥቂት እንደሄድን ቁጥሩ ጠፋኝና ተውኩት። አንዱ በበቆሎ ማሳ መካከል ቆሟል፤ ገበሬው በሬዎቹን ዙሪያውን አዙሮ አርሷል። ሌላው ከአንድ ቤት ጓሮ የሰው ቁመት አልፎ ወጥቷል። በአንዱ አናት ላይ ደግሞ ፍየል ወጥታ ቅጠል ትቀነጥባለች። በየቀኑ ስለምታዩት እናንተ ልብ ማለት ትታችሁ ይሆናል።

እኔም ያደግሁት በወለጋ ገጠር ነው፤ ስለ ምስጥ የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አባቴ የቤታችንን ምሰሶ ሲያቆም እግሩን በእሳት ለብልቦ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አመድ ነስንሶ ነበር። ጥቂት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን ምሰሶውን ተደግፌ ስቆም ከትከሻዬ ሥር ስንጥቅ ሲል ሰማሁ። ከውጭ ሲታይ እንጨቱ ደህና ነው። በጣቴ ስጫነው ግን ጣቴ እንደ ዳቦ ሰርስሮ ገባ፤ ውስጡ ጭቃ ነበር። በዚያው ሰሞን እናቴ ከአልጋ ሥር የነበረውን የእንጨት ሳጥን ብትከፍት የበዓል ቀሚሷና የእኔ የአራተኛ ክፍል ደብተር አንድ ላይ አፈር ሆነው ተገኙ። እናቴ አላለቀሰችም። ክዳኑን በእጇ እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ቆማ ነበር። እንግዲህ ምስጥን ውደዱት ልላችሁ እንዳልመጣሁ ከወዲሁ እወቁልኝ።

ኩይሳውን ግን አንድ ጊዜ ቀረብ ብለን እንየው። ትልልቁን ኩይሳ የሚሠራው፣ የሳይንስ ሰዎች ማክሮተርምስ የሚሉት የምስጥ ወገን፣ ሣርና እንጨት ቆርጦ ያግዛል እንጂ ያንን ብቻውን ፈጭቶ አይጠቀምበትም። የዋጠውን መልሶ እያወጣ በኩይሳው ሆድ ውስጥ የማር እንጀራ የመሰለ ነገር ይሠራበታል፤ በዚያ ላይ ፈንገስ ያለማል። ፈንገሱ ጠንካራውን የእንጨትና የሣር ክፍል ያላላለታል፤ ምስጡም የላላውን ይመገባል። እርሱም እንደ እናንተው ገበሬ ነው ማለት ነው። ሠራተኛው ምስጥ ዓይን የለውም፤ በጨለማ ይዘራል፣ በጨለማ ያጭዳል። ንግሥቲቱ ሆዷ አብጦ፣ ከጭቃ በተሠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጋድማ በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ክረምት ሲገባ ከኩይሳው ጎን ነጭ እንጉዳይ ይፈነዳል። ያ እንጉዳይ የምስጡ እርሻ አበባ ነው፤ ልጆች ሳለን ለቅመን ጠብሰን በልተነዋል። ዝናቡ በጣለ ማግስት አመሻሹ ላይ ደግሞ ክንፋሙ አሸን ይፈላል። አማርኛ ብዛትን ሲናገር «እንደ አሸን ፈላ» የሚለው ይህንን አይቶ ነው። በዚያች ምሽት ዶሮው ይጠግባል፣ ወፉ ይጠግባል፣ እንቁራሪቱ ይጠግባል። ከዚያ ሁሉ መንጋ ተርፎ አዲስ ኩይሳ የሚመሠርተው እጅግ ጥቂቱ ነው።

ምስጥ ከሥር ያለውን ሸክላ አፈር ወደ ላይ ያወጣል። በዋሻዎቹ በኩል ዝናቡ ወደ መሬት ይሰርጋል። የወደቀውን ግንድና የደረቀውን ሣር አፈር አድርጎ ይመልሳል። ባረጀ ኩይሳ ዙሪያ የበቀለ እህል ከሌላው ለምልሞ ያያችሁ ገበሬዎች በመካከላችሁ እንዳላችሁ አልጠራጠርም። አዋልዲጌሳ ሌሊት መጥቶ ኩይሳውን ይሰረስራል፤ እርሱ ቆፍሮ የተወውን ጉድጓድ ጃርትና ከርከሮ ይገቡበታል። አንዱ የሌላውን ትርፍ እየበላ፣ አንዱ ለሌላው ቤት እየሠራ ነው ይህ አገር የቆየው።

ታዲያ ይህ ጎረቤት መቼ ጠላት ሆነ?

የወለጋን የምስጥ ታሪክ የሚያውቁ ሁሉ ወደ መንዲ፣ ወደ ነጆና ወደ ጃርሶ ያመለክታሉ። በኢትዮጵያ ውስጥ የምስጥ ጉዳት ከፍቶ ከታየባቸው ቦታዎች ዋነኞቹ እነዚያ የምዕራብ ወለጋ አካባቢዎች ናቸው። በቆሎው ሳይደርስ ይጋደማል፣ ጤፉ ይመናመናል፣ የባሕር ዛፍ ችግኝ ከሥሩ ተቆርጦ ይደርቃል፣ ቤቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይዘማል። በደርግ ዘመን፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ መንግሥት ዘመቻ ከፍቶ ነበር። ኩይሳው ይቆፈራል፣ ንግሥቲቱ ተፈልጋ ትገደላለች፣ ቀሪው ላይ መርዝ ይፈስበታል። ከመርዞቹ አንዱ አልድሪን ነበር፤ አልድሪን በአፈርና በእንስሳት ሥጋ ውስጥ ለብዙ ዘመን ስለሚቆይ እ.ኤ.አ. በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ከታገዱት መርዞች ውስጥ ገብቷል።

የዘመቻውን ሰዎች አልወቅስም። ሕዝቡ አቤት ብሎ ነበር፤ እነርሱም በእጃቸው ባለው መሣሪያ ደረሱለት። ነገር ግን ምስጡ አልጠፋም። የምስጥ ተመራማሪዎች ነገሩን ሲያጠኑት እህሉን በብዛት የሚጎዱት ትልቅ ኩይሳ የማይሠሩ፣ ከመሬት በታች ተበታትነው የሚኖሩ ሌሎች ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ጦሩ የተሰበቀው ቤቱ በሚታየው ላይ ነበር፤ ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ቤቱ የማይታየው ነበር።

ምስጡ ጠላት የሆነበት ዋናው ምክንያት ግን ከዚህም ይቀርበናል። አረጋውያንን ጠይቁ። ወለጋ የሰንበሌጥ አገር ነበር፤ ከብቱ ሣሩ ውስጥ ሲገባ ቀንዱ ብቻ ነበር የሚታየው። ያኔም ምስጥ ነበረ፤ ኩይሳውም ነበረ። የሚበላው የወደቀ ቅጠል፣ የደረቀ ሣር፣ የተገነደሰ ቅርንጫፍ ሞልቶለት ነበር። ሕዝቡ በዛ፣ እርሻው ሰፋ፣ ግጦሹ ጠበበ፣ ከብቱ ግን አልቀነሰም። ሣሩን ከብቱ ከሥሩ ላጨው። የበቆሎውን አገዳ ለማገዶና ለከብት ወሰድነው፤ ጭዱን ለምርጊትና ለመኖ ወሰድነው፤ ዛፉ ለከሰል ሄደ። ምስጡ የቀረውን ፈልጎ መጣ። የቀረው ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቆሞ ያለው እህላችንና ቆሞ ያለው ቤታችን። የአባቴን ምሰሶ የበላው የጠገበ ምስጥ አልነበረም።

ላስረዳችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። ከተፈጥሮ ጋር መስማማት ማለት ፍጥረትን ሳይነኩ መኖር አይደለም፤ ገበሬ እንደዚያ ሊኖር አይችልም። ስምምነት ለእያንዳንዱ ፍጥረት ድርሻውን መተው ነው። ድርሻው የተወሰደበት ፍጥረት ከእኛ ድርሻ ይወስዳል፤ ሲወስድ ደግሞ ተባይ ብለን ስም እናወጣለታለን።

ይህ ስብከት ብቻ እንዳይመስላችሁ በሥራ የታየውን ልንገራችሁ። በዩጋንዳ ናካሶንጎላ የሚባል የከብት አርቢዎች አገር አለ። ግጦሹ ከመጠን በላይ ተግጦ መሬቱ ራቁቱን ቀረ። ተመራማሪዎች መሬቱን አጥረው ሣር ዘሩበት፤ የበቀለውን ቡቃያ ምስጡ ጨረሰው። እንደገና ቢሞክሩም ያው ሆነ። ከዚያ አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። ከመዝራታቸው በፊት ከብቱን በዚያ መሬት ላይ በረት ሠርተው ለሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት ሌሊት አሳደሩት። ፋንድያው ተነጠፈ። ከዚያ በኋላ የተዘራው ሣር በቀለ፣ ሸፈነ፣ ቆየም። ምስጡ አልተገደለም፤ ፋንድያው ምግብ ሆነለት፣ ሣሩም በፋንድያው ኃይል ፈጥኖ አመለጠው። ይህ ልምድ ወደ እኛም መጣ። ከነቀምቴ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በዲጋ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት፣ የዓባይን ተፋሰስ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከገበሬው፣ ከወረዳው ባለሙያዎችና ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ተቀምጠው የመከሩት ምስጡን ከግጦሹና ከአፈሩ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ስለ መያዝ ነበር።

እኔ ስለ ናካሶንጎላ ሳነብ ግን መጽሐፉን አጥፌ አያቴን አሰብኩ። ሌሊት ከብቱን በማሳ ላይ ማሳደር ለወለጋ ሰው እንግዳ ነገር ነው እንዴ? አያቴ በበጋ በረቱን ከቦታ ቦታ ሲያዘዋውር አይቻለሁ። ዛሬ እዚህ ጥግ፣ ከሳምንት በኋላ እዚያ፤ ክረምት ሲገባ ማሳው በሙሉ ፋንድያ ጠጥቷል። አያቴ ይህን ያደርግ የነበረው በቆሎው እንዲያምርለት እንጂ ስለ ምስጥ ብሎ አልነበረም። ግን የአንድ ሥራ ፍሬ ብዙ ነው። እኛ በረቱን አንድ ቦታ ተከልነው፤ ፋንድያውን ኩበት አድርገን አነደድነው። የያዝነውን ዕውቀት ጥለን ኋላ ከዩጋንዳ ስንማረው ይከነክነኛል። ዩጋንዶቹን አመሰግናለሁ፤ ቁጭቱ ግን የራሴ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ቋንቋ ልግባ። ድርሻን ስለ መተው ለተናገርኩት ሁሉ ኦሮሞ አንድ ቃል አለው፤ ሰፉ። አማርኛ በአንድ ቃል ሊተረጉመው ይቸገራል። ነውር ብንለው ያንሰዋል፤ ሥርዓት ብንለውም ይደርቅበታል። ለብዙ ዓመታት በመጫ ኦሮሞ መካከል የኖሩት የኔዘርላንድ ተወላጅ የካቶሊክ ካህን ላምበርት ባርተልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ምዕራብ ኦሮሞ እምነት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ለዚህ ቃል ትልቅ ቦታ ሰጥተውታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፍልስፍና ምሁር ወርቅነህ ቀልቤሳም ኦሮሞ ስለ አካባቢው ያለውን አመለካከት ሲጽፉ ደጋግመው ይመለሱበታል። እኔ እንደገባኝ ሰፉ በአባትና በልጅ መካከል ብቻ የሚቆም አይደለም። በሰውና በላም፣ በሰውና በዛፍ፣ በሰውና በምድር መካከልም አለ። እያንዳንዱ ቦታና ድርሻ አለው፤ ያንን መድፈር ሰፉን መጣስ ነው። እናንተ ይህን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ፤ የማነሣው ላስተምራችሁ ሳይሆን ላስታውሳችሁ ነው።

በመካከላችን ወንጌላውያን፣ ኦርቶዶክሶች፣ ሙስሊሞችና ዋቄፈታዎች አለን። መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23ን ተመልከቱ። በሰባተኛው ዓመት መሬቱ ይረፍ ይላል፤ ከድሃው የተረፈውን ማን እንዲበላው እንደተጻፈም አስተውሉ። የዱር አራዊት ናቸው። የአራዊቱ ድርሻ በሕግ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ድርሻ መተው ጥቅሙ ለምስጥ ብቻ እንዳይመስለን። ኑግን ተመልከቱ። ወለጋ ከጎጃም ጋር የኑግ አገር ነው፤ ኑጉም ከኢትዮጵያ የበቀለ የራሳችን ሰብል ነው። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ አይይዝም፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚያደርስለት ንብ ያስፈልገዋል። ንብ የጠፋበት የኑግ ማሳ እንደ ቢጫ ምንጣፍ ያብባል፤ ሲወቃ ግን ገለባ ነው። ንቡ ደግሞ የኑግ ወራት ብቻ አይደለም የሚኖረው። ከዚያ በፊትና በኋላ የዋንዛውን፣ የብሳናውን፣ የግራዋውን አበባ ይፈልጋል፤ አረም የምንለውን የድንበር አበባም ይፈልጋል። ድንበሩን በአረም ማጥፊያ ስናቃጥለው የንቡን የድርቅ ወራት ቀለብ ነው ያቃጠልነው። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» ተብሎ የሚሸጠው፣ በነቀምቴ ስም የሚጠራው ቡናም እንዲሁ ነው። በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ያደገ ቡና የዛፉ ቅጠል ይረግፍለታል፣ አፈሩ እርጥበት ይይዝለታል፣ ፀሐዩ ይበርድለታል። ለዛፉ ቦታ የለቀቀ ባለ ቡና የተጎዳ ይመስለዋል፤ ዛፉ ግን ኪራዩን በየዓመቱ ይከፍላል።

ከቦታው ተነቅሎ የመጣ ፍጥረት ምን እንደሚያደርግም በቅርብ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጉቶ ጊዳ ወረዳ ሎኮ በተባለ ቦታ፣ ከነቀምቴ ብዙም ሳይርቅ፣ የማንጎን ቅጠል ነጭ ነጥብ የሚያለብስ ተባይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ታየ። አገሩ እስያ ነው። እርሱን በአገሩ የሚበሉት ጥቃቅን ነፍሳት ግን አብረውት አልመጡም። ስለዚህ ገደብ የሚያበጅለት ጎረቤት አጣ፤ ከሎኮ ተነሥቶ ምዕራቡን ሁሉ አዳረሰ። በየጓሮው ያለው ማንጎ ፍሬው ተጎሳቁሎ፣ ልጆች የሚሸጡት አጡ። ችግኝ ከሩቅ አገር ስናመጣ የሚመጣው ችግኙ ብቻ አይደለም። ምርመራው ለቢሮክራሲ ሲባል የተፈጠረ ጣጣ ሳይሆን የአገር በር መጠበቅ ነው።

አሁን ከመካከላችሁ አንድ ወጣት በልቡ «የእኔስ ድርሻ የታል?» እያለ እንደሆነ አውቃለሁ። መሬት የለኝም፣ ሥራ የለኝም፣ አንተ ግን ለምስጥ ድርሻ ተው ትለኛለህ። ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ በቁጣ መመለስ አይገባም። የድሮው ሁሉ መልካም ነበር አልልም፤ በድሮው ጊዜም ረሃብ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች-660 የተባለው ድቅል በቆሎ ብዙ ጎተራ ሞልቷል፤ ይህንን የሚክድ የተራበ ጎረቤት ያላየ ሰው ነው። ለመብራትም ወንዝ መገደብ አለበት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንጫ ወንዝ ሲገደብ የሆነውን አስታውሱ። የጮመን ረግረግና ሣር በውሃ ተሸፈነ፤ ሰውና ከብት ወደ ተዳፋቱ ወጣ፤ ተዳፋቱ ታረሰ፤ አፈሩ ታጥቦ ደለል ሆኖ ወደዚያው ወደ ሐይቁ ወረደ። መብራቱን አገኘን፤ ለሰዉና ለከብቱ መሬት ስላላሰብንለት ግን ግድቡ ራሱ ዕዳውን ይሸከማል። ስለዚህ የወጣቱን ጥያቄ የምመልሰው እንዲህ ነው። ያንተን ድርሻ የወሰደብህ ምስጥ አይደለም። ሣር የለበሰ ግጦሽ፣ ጥላ ያለው ቡና፣ ንብ ያለው ኑግ ያንተ ሥራ ናቸው። የተራቆተ መሬት ለማንም ድርሻ የለውም፤ ላንተም ለምስጡም።

አፈሩም ድርሻ አለው። አፈራችን ቀይ ነው፤ ዝናባችን ብዙ ነው። ዝናቡ ከአፈሩ ኖራ መሰሉን ነገር እያጠበ ይወስዳል፤ እኛም አገዳውንና ጭዱን አንድ ሳናስቀር ስለምንወስድ አፈሩ እየኮመጠጠ ሄዷል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በኮምጣጣነት እንደተጎዳ ይገመታል፤ ወለጋ ከዋነኞቹ ተጎጂዎች አንዷ ናት። ኖራ መነስነስ ይረዳል፤ ነገር ግን ኖራው ዋጋ አለው፣ ማጓጓዣም ይጠይቃል። አገዳ መተው ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በማሳው ላይ የተተወው አገዳ ምስጡንም ያስታግሠዋል፤ የሞተውን እየበላ በሕይወት ያለውን ይተውልናል።

ብዙ አወራሁ፤ የምለምናችሁ ነገር ግን ጥቂት ነው። ዘንድሮ በታኅሣሥ በቆሎውን ስትሰበስቡ አገዳውን በሙሉ አታንሡ፤ ከየአሥሩ ትልም የሁለቱን ተዉት፤ አታቃጥሉት። በየቀበሌያችሁ ከወል ግጦሹ አንድ ጥማድ መሬት ምረጡ። በበጋው ከብታችሁን በተራ ሁለት ሁለት ሳምንት ሌሊት አሳድሩበት፤ ከሰኔ እስከ መስቀል ማንም አይግባበት፤ ጠባቂውን ከወጣቶቹ መካከል ቅጠሩና ሣሩን እርሱ አጭዶ ይሽጠው። በዚያ ጥማድ መሬት ላይ ኩይሳ ካለ አትንኩት። በመስቀል ማግሥት ተመልሼ መጥቼ ሣሩን ከእናንተ ጋር ቆሜ ላየው እፈልጋለሁ።